ለመዶሻ ያልተበገረው ኮምፒውተር

ሰፈሩ መዶሻ ይለው ነበር። ስሙ የወጣለት በብረት ሥራው ብቻ አይደለም፤ እጁ ከአፉ ስለሚቀድም ነው። የተጣመመ በር ሲያቃና ይመታል፤ አልነሳ ያለ ጄኔሬተር ይመታል፤ ሥራውን ያጣጣለበትን አንድ ደላላ ደግሞ በጠራራ ፀሐይ የፊት ጥርሱን አራግፎታል። "ብረትም ሰውም ካልተመታ ቅርጽ አይዝም" ይላል እንደ ቀልድ። የሚስቁለት ሰዎች ከክንዱ ራቅ ብለው ነው የሚስቁት።

አባቱ ሲሞት ገና ጢም ያላወጣ ጎረምሳ ነበር። ብየዳ ቤቱን፣ እናቱንና ታናሽ ወንድሙን አንድ ላይ ተረከበ። የአባቱንም እጅ አብሮ ወረሰ። ታናሹ ከትምህርት ቤት የዘገየ ቀን በቀበቶ፣ ብየዳ ያበላሸ ቀን በብረት ዘንግ ይገረፍ ነበር። እናታቸው መሀል እየገባች ስንቱን ዱላ በትከሻዋ ተቀበለች። "ያንተን ድርሻ እኔ በላሁብህ" ትለዋለች ልጁን፣ ትከሻዋን በሞቀ ጨርቅ እየተኮሰች። ልጁም እያለቀሰ ይስቃል።

ታናሹ ሲያድግ የብየዳ ቤቱ ዓይን ሆነ። ከአንድ ከተዘጋ ፋብሪካ የገዙት፣ ላሜራ በእሳት የሚቆርጥ ጠረጴዛ ነበራቸው። ጠረጴዛውን የሚያዘው አብሮት የመጣ ያረጀ ኮምፒውተር ነው። ታናሹ የበርና የመስኮት ጌጥ በኮምፒውተሩ ይስላል፤ ጠረጴዛው የተሳለውን ይቆርጣል። ደንበኛ ከሌላ ሰፈር ድረስ የሚመጣው ለዚያ ሥዕል ነበር። መዶሻም ይህን ያውቃል። ጎበዝ ብሎት ግን አያውቅም።

ባለፈው ክረምት አንድ በር አጥሮ ተቆረጠ። ልኩን የወሰደው መዶሻ ራሱ ነበር።

"ጋሼ፣ ልኩ እኮ ያንተ ነው" አለው ታናሹ፣ በደንበኛው ፊት።

ጥፊው ቃሉን ተከትሎ መጣ። ልጁ ተሽከርክሮ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተላተመና ወደቀ። ከግራ ጆሮው ደም ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ ጆሮ አይሰማም። በማግስቱ ልብሱን በፌስታል ይዞ ወጣና ከገበያው ጀርባ አንድ የኮምፒውተር መጠገኛ ቤት ተቀጠረ። እናታቸው እዚያው ቀረች። ለመዶሻ ምግብ ታቀርባለች፤ አታዋየውም።

ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት ኮምፒውተሩ ሲከፈት ከሆዱ ጠጠር የሚፈጭ ድምፅ አሰማና ጸጥ አለ። ሥዕሉ ሁሉ የሚቀመጥበት ሀርድ ዲስክ ሞቶ ነበር። መዶሻ ነቅሎ ወደ አንድ የኮምፒውተር ዕቃ ሻጭ ወሰደው።

"ይሄ መጠን አሁን የት ይገኛል?" አለ ሻጩ። "አነስ ያለ አንድ አለኝ፤ ትልቅም አለኝ። ማሽንህ ያረጀ ከሆነ ግን ትንሹም ይበዛበታል።"

"ትልቁን ስጠኝ። ሰው እየቻለ ጠባብ ይገዛል እንዴ?"

"ለሕፃን የአባቱን ጫማ የሚገዛም አለ።"

መዶሻ ኮሌታውን ጨምድዶ ከወንበሩ አነሳው። ሻጩ ሌላ ቃል ሳይጨምር ትልቁን ጠቀለለለት።

መዶሻ አዲሱን ዲስክ ገጥሞ አበራ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ የተገጠመለትን ዕቃ አንድ በአንድ ይቆጥራል። ኪቦርዱን አገኘ፤ ዲስኩ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። በጥቁሩ ስክሪን ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። መዶሻ አጠፋና አበራ። ያው ነው። ጎኑን በመዳፉ መታው። ደገመው። ከዚያ በጡጫ ሆነ፤ ቆርቆሮው ጎደጎደ፣ የጣቶቹ አንጓ ተላጠ፣ ደሙ በኪቦርዱ ላይ ተንጠባጠበ። ሰረዟ ብልጭ ድርግም ማለቷን አላቆመችም።

እናቱ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች። "እሱንም ግራ ጆሮውን ነው የመታኸው?" አለችው።

አጠገቡ የነበረውን የብሎን መፍቻ አንስቶ ወረወረ። ግድግዳው ላይ ልስኑን ቦድሶ ወደቀ። ወደ እሷ አልነበረም የወረወረው፤ እሷም አልሸሸችም።

እውነቱን ለመናገር፣ መዶሻ ከኮምፒውተሩ ይልቅ የፈለገው ወንድሙን ነው። ልጁ ከሄደ ወዲህ ብየዳ ቤቱ ውስጥ ጋሼ የሚለው የለም። ተመለስ የሚለው ቃል ግን እንደ አጥንት ጉሮሮው ላይ ቆሞበታል።

"ጥሪልኝ" አለ ደሙን በሱሪው እየጠረገ።

"ምን ልበለው?"

"ማሽኑ ዲስክ አላይ አለ በይው።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ምን አለ?"

"ሆድ ይፍጀው" አለችና ሄደች።

ታናሹ በማግስቱ ከምሳ በኋላ ቦርሳውን አንግቶ መጣ። ቀኝ ጆሮውን ወደ ወንድሙ አዙሮ ቆመ። "አንድ ነገር ብቻ፣ ጋሼ። እጅህን ካነሳህ እኔም እጅ አለኝ።"

"እንደ ሌባ የፊጥኝ እሰረኛ" አለ መዶሻ፣ ሁለት እጁን እየዘረጋ። እናታቸው ሳቋ አመለጣት።

ልጁ ዲስኩን አገላብጦ አየው። "ይሄ ሽማግሌ መቁጠር የሚችለው እስከ ሠላሳ ሁለት ጊጋ ነው። ሲሠሩት ዲስክ እዚህ ይደርሳል ያለ የለም። አንተ መቶ ስልሳ ብትቆልልበት ቆጠራው ጠፋበትና ደርቆ ቀረ።"

"አስተምረዋ።"

"የሚያስተምረው ፋብሪካ ከተዘጋ ቆየ።"

ከዲስኩ ጀርባ፣ በተሰለፉት ቀጫጭን እሾሆች ላይ፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል የፕላስቲክ ቆብ ነበረች። በወረንጦ ነቀላትና ሌላ ቦታ ሰካት። "አሁን ዲስኩ ሲጠየቅ ሠላሳ ሁለት ነኝ ይላል።"

"ይዋሻል?"

"አንሶ ይቀርባል።"

አበራው። ቆጠራው ዲስኩ ላይ ደረሰ፣ አለፈ። ልጁ ፕሮግራሙን ጫነ፤ የበሮቹን ሥዕሎችም ከያዘው ፍላሽ ገለበጠ። የጠረጴዛው እሳት ነደደና ከቁራጭ ላሜራ ላይ አንዲት ቅጠል ቆርጦ ጣለ። እናታቸው ቅጠሏን ገና ትኩስ ሳለች በቀሚሷ ጫፍ አነሳቻት።

ተመለስ የሚለው ቃል የመዶሻ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዓይኑ ግን ስክሪኑ ላይ ሠላሳ ሁለት የሚለው ቁጥር ላይ አረፈ። "የቀረውስ?"

"የቀረው አይታይም። ለበር ሥዕል ይሄም ይተርፋል።"

"የገዛሁት ሙሉውን ነው። ቆቧን አንሳት።"

"ካነሳኋት ይቆማል።"

"አንሳት አልኩህ።"

ታናሹ ቦርሳውን መዝጋት ጀመረ። መዶሻ በትከሻው ገፍቶት አለፈ፤ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ቆቧን በጥፍሩ ፈልቅቆ ወለሉ ላይ ጣላት። መልሶ አበራ። ያቺ ሰረዝ መጣችና ብልጭ ድርግም ትል ጀመር።

"የቆጡን አወርድ ብላ..." አለ ታናሹ በዝግታ።

ተረቱን አልጨረሰም። የመዶሻ ጡጫ ቅንድቡን ሰነጠቀው። ልጁ ወደ ኋላ ተንገዳግዶ ግድግዳው ላይ የተደገፈውን የብረት ዘንግ አገኘ፤ ለልጅነቱ እንግዳ ያልሆነውን ዘንግ። መዶሻ ለሁለተኛው ምት በሰነዘረው ክንድ ላይ አሳረፈው። አጥንቱ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ አለ። ሌላውን ምት ጎኑ ላይ አሳረፈ። መዶሻ ተንበረከከ፣ ቀጥሎም በጎኑ ተጋደመ። ሦስተኛው ተነሳ።

መዶሻ ወደ እናቱ አየ። ሁልጊዜ መሀል ትገባ ነበር። አሁን ከበሩ ንቅንቅ አላለችም።

"እማዬ፣ በቃህ በይው።"

"ስንቱን ተቀበልኩ፣ ልጄ። ዛሬ ትከሻዬ አልታዘዝ አለኝ።"

ዘንጉ ከታናሹ እጅ ወደቀ። ደሙ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ በብረት ፍርፋሪው መሀል ቆቧን ዳበሰ። ሲያገኛት በሸሚዙ ጠርጎ ወደ ቦታዋ መለሳትና ኮምፒውተሩን አስነሳ።

"ምን ትሠራለህ?" አለ መዶሻ ከወለሉ ላይ።

"ለሥራ ነው የተጠራሁት።"

"ተመለስ ልልህ ነበር።"

ልጁ ፊቱን አዞረ። በጥሩ ጆሮው ነው የሰማው። "አውቃለሁ፣ ጋሼ።"

"ታዲያ?"

የመለሰችለት እናቱ ናት። "አመል ያወጣል ከመሀል። አንተን ያወጣህ ከኛ መሀል ነው።" ነጠላዋን አንስታ የልጁን ቅንድብ በጫፉ ጫን አድርጋ ያዘች፤ እንዲያ እንደተያያዙ ወጡ።

መዶሻ ክንዱን በወጌሻ አሳሰረ። በሳምንቱ ብየዳ ቤቱን ከፈተ። ኮምፒውተሩ ዲስኩን ቆጥሮ ተነሳ፤ ሥዕሎቹ ሁሉ አሉ። ቆቧን አልነካትም። በግራ እጁ አንድ የበር ሥዕል መረጠ። ከመቁረጡ በፊት ላሜራው ጠረጴዛው ላይ መውጣት ነበረበት። ሙሉ ላሜራ ደግሞ አንድ ሰው ከወዲያ፣ አንድ ሰው ከወዲህ ይዞ ነው የሚነሳው።

"ያዝልኝ" አለ ከልማድ።

ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጠርዙን በአንድ እጁ ያዘ። ላሜራው ትንሽ ከፍ አለ፤ ሌላው ጫፉ ግን ሲሚንቶው ላይ እየተንሿጠጠ ቀረ።