በየደብሩ የምትቆመው መኪናዬ

ይህ የገጠመኝ ዓምና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው። አደጋ አልደረሰብኝም፣ ተአምርም አላየሁም። ግን የመኪናዬን ቁልፍ ባነሣሁ ቁጥር ትዝ ስለሚለኝ ልጽፈው ወሰንኩ።

የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው፤ መድኃኒት ቤት አለኝ። መኪና እወዳለሁ። ባለቤቴ «አንቺ ያገባሽው እኔን ሳይሆን መሪ ነው» እያለ ይቀልድብኛል፤ ብዙም አልተሳሳተም። ያለችኝ ትንሽ፣ ቀይ፣ ከኋላዋ ክንፍ ያላት፣ የስፖርት መኪና መልክ የያዘች አውቶሞቢል ናት። ሥራ የምሄደው፣ ገበያ የምወጣው፣ ዘመድ የምጠይቀው በእሷ ነው። ሰው ዞር ብሎ ሲያያት ደስ ይለኛል፤ ለምን እዋሻለሁ።

ፋሲካ ሲቃረብ ሞላዋና ሾክ አብዞርበሯ አለቀ። ቡሬ ወዳሉት መካኒኬ፣ ወደ ጋሽ እንድሪስ ወሰድኳት። ሁለት ምርጫ አቀረቡልኝ። አንደኛው ፋብሪካው ከገጠመላት ጋር አንድ ዓይነት የሆነ፣ ለስላሳና ከፍ የሚያደርጋት ነው። ሁለተኛው አንድ ደንበኛ አስመጥቶ ሳይገጥመው የቀረ የስፖርት ሞላ ነው፤ ጠንካራ ነው፣ መኪናዋንም አራት ጣት ያህል ዝቅ ያደርጋታል።

«አስፋልት ላይ ብቻ ለሚነዳ ይኼኛው ሸጋ ነው» አሉኝ ጋሽ እንድሪስ የስፖርቱን እያሳዩኝ። «ግን እህቴ፣ ዘመዶችሽ ሁሉ ያሉት አስፋልት ዳር ነው?»

ጥያቄው ገብቶኝ ነበር። የባሌ ወላጆች የሚኖሩት ከደምበጫ ወደ ፈረስ ቤት በሚወስደው ፒስታ መንገድ ላይ ነው። ዓይኔ ግን ከስፖርቱ ላይ አልነሣ አለ። «ቀስ ብዬ እነዳለሁ» አልኩና አስገጠምኩት። ባለቤቴ ሲሰማ «ምርጫው ያንቺ ነው፣ ወገቡ ግን የሁላችን ነው» አለኝ። እንደ ልማዱ መቀለዱ ነው ብዬ አለፍኩት።

ከቡሬ ስመለስ እንደዚያን ቀን በመንዳት ተደስቼ አላውቅም። ኩርባ ላይ ዘንበል አትልም፤ መሪውን ነካ ሳደርገው እሺ ትላለች። የመንገዱ እያንዳንዱ ጠጠር እጄ ላይ ይሰማኝ ነበር። ያኔ ይህም ጥሩ ነገር መስሎኝ ነበር።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የባሌ አባት፣ አባባ አንማው፣ ከበቅሎ ወደቁ። አጥንት አልተሰበረም፤ ወገባቸውና ቀኝ እግራቸው ግን ተጎዳ። ሐኪሙ ለሁለት ወር ያህል በሳምንት አንድ ቀን ፍኖተ ሰላም እየመጡ ፊዚዮቴራፒ እንዲሠሩ አዘዘ። «መሐል ላይ ካቋረጡ እግሩ እንደተጎተተ ይቀራል» ብሎም አስጠነቀቀን። አባባ ቅዳሴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆመው የሚያስቀድሱ ሰው ናቸው። እሳቸውን «ከእንግዲህ ተቀመጡ» ማለት ከሰው ተራ ማውጣት ነው።

በዚያ መንገድ የሕዝብ መኪና እንደ ልብ አይገኝም፤ ባለቤቴም የሚውለው መስክ ላይ ነው። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ መድኃኒት ቤቱን ለሠራተኛዬ ትቼ እኔ አመላልሳቸው ጀመር። እግራቸውን እንዲዘረጉ ብዬ ኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው።

በመጀመሪያው ቀን ገና ጥቂት እንደሄድን «ልጄ፣ እስቲ አንዴ አቁሚልኝ፤ ሚካኤልን ልሳለም» አሉ። እኛ አገር መኪና ላይ ያለ ሰው በቤተ ክርስቲያን ሲያልፍ ባለበት ሆኖ ያማትባል።

«እዚያው ሆነው ይሳለሙ አባባ፤ እግርዎን ያምዎታል» አልኳቸው።

«የለም ልጄ፣ ምሕረት የሚለምን ሰው ተቀምጦ አይለምንም።»

ደግፌ አወረድኳቸው። ከዘራቸውን ተክለው ለረጅም ጊዜ ቆሙ። ማርያም ስንደርስም ወረዱ። ጊዮርጊስም ወረዱ። አስፋልቱ ጋ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን፣ ምንም በማይታይበት ሜዳ ላይ አስቆሙኝና «ከዚያ ጋራ ጀርባ አቦ አሉ» አሉኝ። በዚያ መንገድ ይህን ያህል ታቦት መኖሩን አላውቅም ነበር። በእምነታቸው ጽናት ተደንቄ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራሁ።

ስለ መኪናዋ ስጠይቃቸው «ሸጋ ናት። ጎንበስ ብላ ነው የምትሄድ፤ ትሑት ናት» ይሉኛል። ይህንንም ለጋሽ እንድሪስ ደውዬ ነገርኳቸው። «ሽማግሌው አዋቂ ናቸው» አሉኝ። እኔም ሞላዬ የተመሰገነ መስሎኝ ደስ አለኝ።

በአምስተኛው ዓርብ ልነሣ ስዘጋጅ አባባ ስልክ ደወሉ። «ተሽሎኛል ልጄ፤ ከእንግዲህ አትልፊ» አሉ። በሚቀጥለውም ዓርብ እንዲሁ። የሐኪሙ ማስጠንቀቂያ ከጆሮዬ አልወጣ ስላለኝ እሑድ ከባለቤቴ ጋር ልንጠይቃቸው ሄድን። አባባ ግድግዳ እየተደገፉ ሊቀበሉን ወጡ፤ ቀኝ እግራቸው መሬት ለመሬት ይጎተታል። ጠዋት ያስቀደሱት ተቀምጠው እንደሆነ የባሌ እናት በሹክሹክታ ነገሩኝ። ሕክምናውን ለምን እንደተዉ ብንጠይቃቸው «እርጅናን ሐኪም አያድነውም» ብለው ወሬ ለወጡ።

ስንመለስ ሐሳብ ስለያዘኝ ባለቤቴ እንዲነዳ ቁልፉን ሰጠሁትና ጋደም ልበል ብዬ ኋላ ወንበር ላይ ገባሁ። መኪናዋን ከገዛኋት ጀምሮ እዚያ ተቀምጬ አላውቅም።

ገና ከመነሣታችን ወገቤን አንዳች ነገር መታኝ። እያንዳንዱ ድንጋይ ከታች ተነሥቶ አከርካሪዬ ውስጥ ይገባል። መሪ የያዘ ሰው ጉድጓዱን አስቀድሞ አይቶ ይዘጋጃል፤ ኋላ ያለው የሚያውቀው ሲመታው ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ጥርሴን ነክሼ ታገሥኩ። ከዚያ ሳላስበው «እዚህ አካባቢ ቤተ ክርስቲያን የለም?» አልኩ።

ባለቤቴ ሳቀ። እኔም ልስቅ ስል ምን እንደተናገርኩ ገባኝ። አስቆምኩትና ወርጄ መንገዱ ዳር ቆምኩ። ወገቤ ሲፍታታ አለቀስኩ። አባባ የምራታቸውን ደስታ ላለመስበር ብለው ለአንድ ወር ያን ሁሉ ሥቃይ ችለው፣ በመጨረሻ እግራቸውን ሊያጡ ነበር። አቦ ከጋራው ጀርባ ይኑሩ አይኑሩ እስካሁን አላጣራሁም።

በማግስቱ ቡሬ ሄድኩ። ጋሽ እንድሪስ ገና ከመኪናዋ ስወርድ «የፋብሪካውን ዓይነት አስቀምጬልሻለሁ» አሉኝ። ለምን ያኔ አጥብቀው እንዳልነገሩኝ ስጠይቃቸው «ጠይቄሽ ነበር እኮ፤ ቀስ ብዬ እነዳለሁ አልሽኝ» አሉ። የስፖርቱን አስፈትቼ የፋብሪካውን አስገጠምኩ።

የከበደኝ አባባን ወደ ሕክምናው መመለሱ ነበር። «መኪናዬ እንደጎዳችዎት ዐወቅሁ» ብላቸው ያፍራሉ፤ ያን ያህል ለፍተው የሸሸጉትን ነገር ፊታቸው ላይ መግለጥ ይሆንብኛል። ስለዚህ ዓርብ ጠዋት ሳልደውል ሄድኩና ደጃቸው ላይ አቁሜ፣ «አባባ፣ ይቺ መኪናም ወገቧን ታማ ነበር። አሳክሜያት አሁን ቀና ብላለች። ሐኪም ቤት ብቻዋን መሄድ ስለፈራች እርስዎ ይሸኟት» አልኳቸው።

መኪናዋን አዩ። በከዘራቸው ጫፍ ጎማውንና ከበላዩ ያለውን ክፍተት ነካ ነካ አደረጉ። ከዚያ እኔን አዩ። «የታመመ መሸኘትስ ጽድቅ ነው» ብለው ጋቢያቸውን አስመጡ።

ሚካኤል ስንደርስ ፍጥነት ቀነስኩ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ባሉበት አማተቡ። ማርያም ጋ በመስታወቱ ሳያቸው እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ ራሳቸውን መስኮቱ ላይ ጣል አድርገው፣ አፋቸውን ትንሽ ከፍተው። እስከ ሐኪም ቤቱ ድረስ በሕይወቴ ነድቼ በማላውቀው ዝግታ ነዳሁ። ደምበጫ ላይ ባጃጆች ሁሉ ቀደሙኝ።

ሕክምናውን እስከ መጨረሻው ተከታተሉ። የፍልሰታ ማርያም ዕለት መቋሚያቸውን ይዘው ሙሉ ቅዳሴውን ቆመው ሲያስቀድሱ፣ በሴቶች በኩል ሆኜ አየኋቸው። ስንወጣ የመኪናዋን ጣሪያ ቸብ ቸብ አደረጉና «ዝቅ ብላ ሳለች ቁመናዋ ያምር ነበር። ለኔ ብለሽ ነው ያስነሣሻት?» አሉኝ።

«ለመንገዱ ብዬ ነው አባባ» አልኳቸው።

«ይሁን፤ ለመንገዱ ይሁን» አሉና ግንባሬን ሳሙኝ።

ዝቅ ያለች መኪና ሳይ አሁንም ልቤ ይሄዳል፤ ኩርባ ላይ የኔዋ ዘንበል ስትል ትንሽ ይቆጨኛል። ያን ወር ሳስበው ግን አፍራለሁ፣ እንደገና ደግሞ ደስ ይለኛል። እኔ አባቴን ያጣሁት በልጅነቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ሰው «አባትሽ በሕይወት አሉ?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ «አሉ፣ ከደምበጫ በላይ» እላለሁ።