የመሪጌታ ወልደ ኪዳን ንጉሥ

መሪጌታ ወልደ ኪዳን ከአሸተን ማርያም ሥር ካለች መንደር የሚኖሩ፣ ድምፃቸው መረዋ፣ ጎተራቸው ባዶ ሰው ነበሩ። ደርግ የአልጣሽን ባል አፍሶ ለጦር በወሰደ ጊዜ፣ ደረቷን እየደቃች ስታለቅስ አንጀታቸውን በላችው። መቼም የሚሰጧት ነገር የለ! ከመምህራቸው የሰሙትን ነገሯት፦ ከምሥራቅ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይነሣል፤ በሱ ዘመን ግፍ የለ፣ ረኃብ የለ፣ የሄደ ሁሉ ይመለሳል። የመጨረሻዋን ከራሳቸው ጨመሯት። አልጣሽ እንባዋን ጠረገች።

ወሬው ወዲያው ተዛመተ። ልጁ የተወሰደበት፣ በሬው የሞተበት፣ ሁሉም ወደ መሪጌታ ደጅ ሆነ። እሳቸውም፣ አይ የሰው ነገር፣ መወደዱ ጣማቸው፤ ለንጉሡ ነጭ ፈረስ ሰጡት፣ ዝናብም አስከተሉለት።

በሰባ ሰባት ግን ዝናቡ ጨርሶ ቀረ። መንደሩ እህል ይታደላል ሲባል ወደ ላሊበላ ወረደ። አልጣሽ ግን አልወረደችም። ትንሿ ልጇ ቆዳና አጥንት ሆና ተኝታለች፤ እናትየው ግቢ ትጠርጋለች።

«ምን ነካሽ አንቺ? ልጅቷን አዝለሽ ውረጂ እንጂ!» አሏት፣ እሷን ትተው መውረድ ያልሆነላቸው መሪጌታ።

«ካድሬዎቹ ይዘው ወደ ሰፈራ ቢያግዙንስ? ንጉሡ መጥቶ ባሌ ሲመለስ ቤቱን ባዶ ያገኘዋላ!»

መሪጌታ የደጁ መደብ ላይ ዘጭ አሉ።

«አልጣሽ፣ የሚመጣ የለም። ባልሽ ይመለሳል ያልኩሽም ከራሴ ፈጥሬ ነው። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ።»

ትደነግጣለች ብለው ነበር። እሷ ግን በንቀት አየቻቸው።

«ስንት ቁና ስንዴ ሰጡዎት፣ የኔታ? ካድሬዎቹ ናቸው የላኩዎት አይደል? ሊመጣ ሲል የሚያስክድ ይበዛል ብለው እርስዎ ራስዎ ነግረውን የለ?»

ብለው ነበር! በገዛ አፋቸው! «እንግዲያ ልጅቷን ስጪኝ፣ እኔ ተሸክሜ ላውርዳት» ብለው ቢለምኗት ልጇን ከደረቷ ለጥፋ በሩን ዘጋችባቸው።

ልጅቷ እሑድ ሞተች። መንደሩ ውስጥ የቀረ ጎልማሳ ስላልነበር መሪጌታ ራሳቸው እየወደቁ እየተነሡ ቆፈሩ፤ ጸሎቱንም ራሳቸው አደረሱ። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ አልጣሽ የነጠላቸውን ጫፍ ያዘች። ቁጣዋ ጠፍቶ ነበር።

«የኔታ፣» አለች፣ «ንጉሡ የሞቱትንስ ያስነሣል?»

መሪጌታ እውነቱን አንዴ ነግረዋት ነበር፤ አሁን የሚደግሙበት አቅም አጡ።

«ያስነሣል፣ ልጄ» አሏት። «እሱ ምን ይሳነዋል?»