ከጀፎረው ጫፍ የሚወርደው ሾፌር

ዛሬ በሰፈራችን በኩል እየከነፉ የሚያልፉትን ሾፌሮች ባሌ ቢያያቸው ምን ይል እንደነበር አውቃለሁ። ምንም አይልም ነበር። ከንፈሩን ነክሶ መሬት መሬቱን ያያል፤ ያልወደደው ነገር ሲገጥመው እንደዚያ ነበር። እኔ ግን አፌን መያዝ ስለማልችል እሳደባለሁ። «ምን ያስሮጥሃል? ጅብ ተከትሎሃል?» እላለሁ፤ መልሱን አቧራው ይሰጠኛል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። በመኪና ግን ያፈሰሱትን መልቀም የለም።

እሱ መንዳት የተማረው በጣሊያን ጊዜ ነው። ወልቂጤ ያኔ ድንኳንና ጥቂት ቆርቆሮ ቤት ነበረች፤ የጅማ መንገድ ሲሠራ ካሚዮኖች የሚያድሩባት ሜዳ። የእኛ መንደር ከዚያ ወደ እምድብር በሚያወጣው መንገድ ላይ ስለሆነ ወደዚያ የሚሄድ መኪና ሁሉ በጀፎረው ላይ ማለፍ ነበረበት። ጀፎረ በሁለት ወገን በተደረደሩ ቤቶች መካከል የሚዘረጋው ሰፊው የሣር መንገዳችን ነው። ከብት ይግጥበታል፣ ሰርግ ይጨፈርበታል፣ ሽማግሌ ይፈርድበታል፣ ለቅሶ ይቀመጡበታል። መንገድ ነው፤ ግን የሚሮጡበት መንገድ አይደለም። ፈረሰኛ እንኳ ከጫፉ ሲደርስ ልጓሙን ይስባል፤ ሽማግሎች ተቀምጠው ወይም ለቅሶ ኖሮ እንደሆነ ደግሞ ወርዶ ፈረሱን እየጎተተ በእግሩ ያልፋል። ይህን ደንብ የጻፈው የለም፤ በፈረስ ሆኖ የጣሰውንም አላየሁም።

እኔ የተወለድኩት ተራራው ማዶ፣ ቡታጅራ አጠገብ ነው። አባቴና አማቴ በንግድ የተዋወቁ ሰዎች ናቸውና ዝምድናቸውን በእኔ አጸኑት። እነሱ ወዳጅነታቸውን ሲያጠብቁ እኔን ከእናቴ ለዩኝ። በአገራችን ያገባች ልጅ መስቀል ካለፈ በኋላ ቅቤዋን ይዛ እናቷን ትጠይቃለች። የሌሎቹ ሴቶች እናት ከወንዝ ማዶ ነች፤ ጠዋት ሄደው ማታ ይመለሳሉ። የእኔ እናት ከጉራጌ ተራራ ማዶ። ከተዳርኩ ጀምሮ አላየኋትም ነበር። ስለዚህ ባሌ ሾፌር ልሆን ነው ሲለኝ ያሰብኩት ስለ ደመወዙ አይደለም። «ቡታጅራ ይደርሳል?» ነበር ያልኩት።

«ዞሮ በአዲስ አበባ በኩል ይደርሳል» አለኝ። «አንድ መስቀል በመኪና ወስጄ እናትሽ ደጅ አወርድሻለሁ።»

«ላም አለኝ በሰማይ» አልኩት። ሳቀ። ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ለእናቴ የሚሆን ቅቤ በአንድ ገንቦ ለብቻው ማኖር ጀመርኩ።

እሱንና ጓደኞቹን መንዳት ያስተማራቸው ፂሙ የሸበተ ጣሊያን ነበር፤ መካኒክም ወታደርም የሆነ ሰው። ባሌ ስለሱ ሲያወራ አይጠግብም። ማርሽ መቀየር ዝንጀሮም ይለምዳል፣ ትምህርቱ ማቆም ላይ ነው ይላቸው ነበር አሉ። ቁልቁለት ሲመጣ ፍሬን ላይ ተጭኖ የሚወርደውን ከመኪናው ያስወርደውና በእግሩ ዳገቱን ያስወጣዋል። «በየትኛው ማርሽ ነው የምትወጣው? በዚያው ውረድ» ይለዋል። ባሌ ማታ እቤት ሲመጣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ እንጨት ተክሎ ማርሽ አድርጎ፣ በግራ እግሩ ፍሪሲዮን በቀኙ ፍሬን እየረገጠ ያጠናል። እኔ ፊት ለፊቱ ቆጮ እየከተፍኩ መንገዱን እሆንለታለሁ። «ቁልቁለት» ስለው ማርሽ ይቀንሳል። «ድልድይ» ስለው ትከሻውን ሰብስቦ ይጠባል። አንድ ቀን ሳላስጠነቅቀው «ላም» ብዬ ብጮህ ፍሬኑን ከመርገጡ ብዛት ከነበርጩማው ተገለበጠ። ላሚቱ ግን ተረፈች፤ እሱም የኮራው በዚያ ነው።

መጀመሪያ ካሚዮኑን ይዞ በመንደራችን ያለፈ ቀን ሰው ሁሉ ደጅ ወጥቶ ነበር። ሽማግሎቹ ከጀፎረው መሀል ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። እሱ ከጀፎረው ጫፍ ሲደርስ አቆመ። ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ ከጎማው ኋላ ታኮ ድንጋዩን አስቀመጠ፤ ባርኔጣውን አውልቆ በእግሩ እስከ ዛፉ መጥቶ ሰላምታ ሰጠ። ከዚያ ተመልሶ ከመኪናው ፊት የሚሰካውን ከባድ የብረት እጀታ እያዞረ በላብ ተጠምቆ ሞተሩን አስነሳና በሰው እርምጃ አለፈ። ሴቶቹ በእጃቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁብኝ። ማታ «ምን ነካህ?» አልኩት።

«በፈረስ ብመጣ አልወርድም ነበር?» አለኝ። «ይኼ ከፈረስ ይበልጣል። መውረዱም የዚያኑ ያህል ነው።»

ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ እንደዚያው ሆነ። እኔ ድምፁን ለመድኩት። ሌላው ካሚዮን ሲመጣ ከሩቅ ያጓራል፣ ያልፋል፣ ዶሮ ይበተናል። የእሱ ሲሆን ድምፁ ከጫፉ ላይ ይሰክንና ይጠፋል። ዝም ሲል ነበር መጣ የምለው። ነጠላዬን አንስቼ የምወጣው ዝምታውን ሰምቼ ነው።

ሰው አላማውም አልልም። የጣሊያን መኪና ነድቶ ባንዳ ያልተባለ የለም፤ እሱም ተብሏል፤ በጀርባው። ይሰማል፤ ከንፈሩን ነክሶ ያልፋል።

አንድ ጊዜ ዱቄት ጭኖ ቡታጅራ ተላከ። ሲመለስ ቤት ሳይገባ ደጅ ላይ ያዝኩት። «አየሃት?»

«አየኋት። ዓይኗ ደክሟል፤ በድምፄ ነው የለየችኝ። መኪናውን በመዳፏ ዳሰሰችው። ከእንግዲህ ከመንደሩ ጫፍ ቆሞ ዝም የሚል መኪና ስሰማ አንተ ነህ እላለሁ፣ ልጄን መቼ ነው የምታመጣልኝ አለችኝ።»

«ምን አልካት?»

«ለመስቀል።»

ያን ዓመት እውነትም ሊሆን ነበር። መስቀል ሊገባ ሲል ወደ ቡታጅራ የሚሄድ ጭነት ተገኘ፤ ሽማግሌው አስተማሪም ሚስትህን ጋቢና አስቀምጣት ብሎ ፈቀደለት። ቅቤዬን አነጠርኩ። አዲስ ቀሚስ አሰፋሁ። ጎረቤቶቼን ሁሉ በመኪና እሄዳለሁ እያልኩ አሰለቸኋቸው።

በዚያው ሰሞን አንድ የጣሊያን መኮንን ከባሌ አጠገብ ጋቢናው ውስጥ ተቀምጦ ወደ እምድብር ይሄድ ነበር። ጣሊያኖቹ ወልቂጤ መግቢያ ላይ ከዚህ በላይ አትፍጠኑ የሚል ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ተክለዋል። የተከሉት ግን የራሳቸው ድንኳን ባለበት ነው። ከዚያ ሲወጡ፣ አርበኞችን ስለሚፈሩ፣ ትእዛዙ አትቁም፣ አትቀንስ፣ እለፍ ነበር። በመንደራችን ደግሞ የዚያን ቀን ለቅሶ ነበር፤ አንድ ጎልማሳ ሞቶ ጀፎረው በሰው ተሞልቷል። እኔም እዚያው ተቀምጫለሁ። መኪናው ከጫፉ ደርሶ ዝም አለ።

ባሌ ወርዶ ባርኔጣውን አወለቀ። መኮንኑ ተከትሎት ወረደና በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት በጥፊ መታው። «ንዳ!» አለው። እሱ ጉንጩን እንኳ አልነካም። መጥቶ ከሟች እናት ፊት ጎንበስ አለ፤ እግዜር ያጽናሽ አላት፤ ተመለሰና ሞተሩን አስነሳ። ሲያልፍ ለቀስተኛው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሣለት። ከዚያን ቀን ወዲህ ባንዳ ሲሉት ሰምቼ አላውቅም።

ማታ ሲመጣ ቡታጅራ የሚሄደው ጭነት ለሌላ ሾፌር እንደተሰጠ፣ እሱም ከነገ ጀምሮ ግቤን ተሻግሮ ጅማ እንዲሠራ እንደታዘዘ ነገረኝ። እኔ ተቆጣሁ። አዲሱ ቀሚሴ እግድግዳው ላይ ተሰቅሎ እያየኝ እንዴት አልቆጣ?

«ሬሳ አይሰማም» አልኩት። «ዝም ብለህ ብታልፍ ምን ነበረበት?»

«ሬሳው ባይሰማ እናቱ ትሰማለች» አለኝ።

ልክ ነበር። ልክ መሆኑን አውቃለሁ፤ ዛሬም ግን ሳስበው እቆጣዋለሁ። ጠዋት ሲሄድ የቅቤውን ገንቦ በጣቱ መታ መታ አድርጎ «አይበላሽ፤ እመጣለሁ» አለ።

መስቀል መጥቶ ሄደ። በጅማ ነጋዴዎች ደኅና ነኝ የሚል መልእክት ይልካል፤ የሽማግሌው አስተማሪ ጤና ስለጎደለ ጀማሪዎቹን አሁን እኔ ነኝ የማስተምራቸው ብሎም ልኳል። ከዚያ ጦርነቱ ተገለበጠ። ጣሊያኖቹ መኪናቸውን እየነዱ፣ ሾፌሮቻቸውን ይዘው ወደ ጅማ ሸሹ። መልእክቱም ቀረ። በየዓመቱ የቆየውን ቅቤ ለቤት እያወጣሁ ገንቦውን በአዲስ እሞላዋለሁ። ጋቢው ላይ የቀረው የቤንዚን ሽታ እንዳይለቅ አላጥበውም ነበር። በርጩማው ላይም ሰው አላስቀምጥም። በጀፎረው የሚያልፍ መኪና ሲያጓራ እጄን ከሥራዬ አላነሳም፤ የእኔ ሰው አይደለማ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት ድምፁ ከጫፉ ላይ ሰከነ። ጠፋ።

እጄ ቆጮ እንደሆነ ነው የወጣሁት። ነጠላም አላነሳሁም። ካሚዮኑ ቆሟል፤ ታኮው ገብቷል፤ ባርኔጣውን ያወለቀ ሰው ሽማግሎቹ ወዳሉበት በእግሩ ይመጣል። እርምጃው የእሱ ነው። ቁመቱ አይደለም። ቆሜ ቀረሁ።

ሰውየው ከሽማግሎቹ ጋር ብዙ አወራ። እነሱም ወደ እኔ ቤት ተያይዘው ሲመጡ ባይናገሩም ገባኝ። ባሌ በግቤ ቆላ ወባ ይዞት እዚያው አርፏል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ እኔም እንባ አላጣሁም።

ለቅሶው ሲበርድ ሰውየውን ጠርቼ ጠየቅሁት። ባሌ ጅማ ካስተማራቸው ሾፌሮች አንዱ ነው። መጠምዘዣ ሲደርሱ ሁሉንም አስወርዶ መጀመሪያ በእግራቸው ያስኬዳቸው ነበር። «መንገዱን እግራችሁ ይወቀው፤ ከዚያ ጎማው ያውቀዋል ይለን ነበር» አለኝ። «በሽታው ሲጠናበት ደግሞ፣ ወደ ወልቂጤ የሚሄድ ካለ እንዲህ ያለ ዛፍ ያለበት ጀፎረ አለ፣ ከጫፉ ውረዱ አለን። ሚስቴን ቡታጅራ አድርሱልኝም አለ። እትዬ፣ መስቀል ሲያልፍ ከቡታጅራ አልፎ ካለው ከቆሼ የማረቆ በርበሬ ልጭን በዚያ በኩል እሄዳለሁ። ይምጡ፣ ላድርስዎ።»

ሽማግሎቹ ለእናቴ የባሌን መርዶ እንላክ ቢሉኝ እምቢ አልኩ። እኔው እነግራታለሁ አልኩ።

እንዳለውም መጥቶ ወሰደኝ። ያን ቀሚስ ሳይሆን ጥቁሬን ለብሼ፣ የቅቤውን ገንቦ ታቅፌ ጋቢና ተቀመጥኩ። ሰውየው ቁልቁለት ሲደርስ ማርሽ ይቀንሳል። ድልድይ ሲደርስ ትከሻውን ሰብስቦ ይጠባል። ከመንገዱ ዳር ላም ባየ ቁጥር እግሩ ፍሬኑ ላይ ነው። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ፣ ባሌ በርጩማው ላይ እንዳለ ሁሉ፣ «ቁልቁለት፣ ድልድይ፣ ላም» እል ነበር በሆዴ። በዚያ ሁሉ አገር አንድ ዶሮ አልበተነም።

የእናቴ መንደር ጫፍ ላይ ሞተሩን አጠፋ። በእኔ በኩል ባለው በር ወረድኩ፤ እሱ ፍሬኑን ሊያጠብቅ ቀረ። እናቴ አጥሩን በእጇ እየዳበሰች ወጣች። ሮጬ ጉልበቷን ሳምኩ። ፊቴን፣ ፀጉሬን፣ ገንቦውን ዳሰሰች፤ የልብሴን ቀለም ግን አላየችም።

«ዝም ሲል ሰምቼ ነው የወጣሁት» አለችኝ። «ዘገየ እንጂ ቃሉን አላጠፈም። የታለ? ለምን አይወርድም? እሱ እኮ መውረድ ያውቅ ነበር።»

አፌን መያዝ የማልችለው እኔ ገንቦውን አጥብቄ ያዝኩ። ያን ጊዜ በመሪው በኩል ያለው በር ተከፈተ፤ እናቴም ፈገግ ብላ ወደ ድምፁ ዞረች።