ለግድግዳ የማይዘፍኑት አክስቴ

በቅርቡ ያረፉት አክስቴ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ፣ በሆቴል ባንድ ውስጥ፣ የጥቁር አሜሪካውያንን የቆዩ የብሉዝና የጃዝ ዘፈኖች ይዘፍኑ ነበር። ቦንጋ ከተመለሱ በኋላም ሰው ከሌለ አያንጎራጉሩም ነበር። «ለግድግዳ አልዘፍንም» ይሉ ነበር።

ባለፈው ክረምት፣ ድምፃቸው ሳይደክም ዘፈኖቹን ቀርጸን እናስቀር ብዬ ከጅማ የድምፅ ቀረጻ ባለሙያ አመጣሁ። እሳቸው ግን ጎረቤቶቻቸውን ጠርተው ሳሎኑን ሞሉት።

«እማማ፣ ድምፅ ይገባብናል» አላቸው ባለሙያው።

«ይግባ፤ ሰው አይደል!»

የእያንዳንዱን ዘፈን ታሪክ መጀመሪያ በከፋ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ይነግሯቸዋል፤ ከዚያ ይዘፍናሉ። በባቡር ሄዶ ስለቀረ ባል የሚያወራው ዘፈን ላይ ሲደርሱ፣ ባላቸው ከቤት እንደወጡ የቀሩባቸው አንዲት ጎረቤታችን ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። ባለሙያው ሊያቋርጥ እጁን አነሣ። አክስቴ በዓይናቸው ከለከሉት፤ ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለእኚያ ሴት ብቻ ዘፈኑላቸው። ሲጨርሱ የሁላችንም ዓይን እንባ ሞልቶ ነበር።

«እንድገመው እማማ?»

«ለምን? ደረሰ እኮ!»

እንደዚያ ቀን ኮርቼባቸው አላውቅም።

በአርባቸው ዕለት ጎረቤቶቻችን እንደገና ተሰበሰቡ፤ ቅጂውን ከፈትኩላቸው። ሳሎኑ ጢም ብሎ ሞልቶ ሰው በር ላይ ቆሟል። አክስቴ ቆመው የዘፈኑባትን ቦታ ግን ማንም አልረገጣትም።