ከአዋሽ ሆኜ ያሸነፍኩት ክርክር

የእህቴ ልጅ ነጃት ሰሞኑን ፊቷ ጠቁሯል። አዋሽ እኔ ቤት ተቀምጣ አዲስ አበባ ላለ የሶፍትዌር ድርጅት ትሠራለች፤ ጨቅላ ልጇን እኔ እይዝላታለሁ። ባለፈው ሳምንት ድርጅቱ ሠራተኛ ሁሉ ቢሮ ይግባ ብሎ ጻፈ። እሷም ከቤት ሆና ምን ያህል እንደሠራች የሚያሳይ ማስረጃ ስታሰናዳ ሰነበተች። ትናንት ላፕቶፑን ወደ እኔ አዙራ «አክስቴ፣ አንቺም በዚሁ ሙያ ነበርሽ፤ እስቲ እይልኝ» አለችኝ። አነበብኩት። ጎበዝ ናት፣ ምንም አልጎደለውም። እኔን ግን የራሴን ታሪክ አስታወሰኝ።

እኔም በሷ ዕድሜ ሰመራ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት ቅርንጫፍ እሠራ ነበር። የጤና ጣቢያዎችን መድኃኒት የሚመዘግብ ሲስተም ነበር የምንሠራው። እኔን ጨምሮ አራት ነን፤ አለቃችን አቶ መኮንን የሚባሉ የደጋ ሰው ናቸው። የሰመራን ሰኔ ያላየ ሰው ስለ ሙቀት ባያወራ ይሻለዋል። ጠዋት ከሎጊያ በባጃጅ ስንመጣ ነፋሱ ገና በማለዳ ፊት ይለበልባል፤ የቢሮውን በር ስንከፍት ኤሲው ይቀበለናል። አቶ መኮንን በጊዜ ገብተን አምሽተን የምንወጣው ሥራ ወዳድ ስለሆንን ይመስላቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር ግማሹ ፍቅራችን ለኤሲው ነው። አንድ ቀን ተበላሽቶ ረፋዱ ላይ ቢሮው ውስጥ የቀሩት እሳቸውና ዘበኛው ብቻ ነበሩ።

ያን ዓመት አባቴን አዋሽ ላይ ስትሮክ መታው። የባቡር መካኒክ የነበረ ጉልበታም ሰው ቀኝ ጎኑ አልንቀሳቀስ አለ፤ ምላሱም ተሳሰረ። እናቴ ከሞተች ቆይታለች፣ እህቴ ዐረብ አገር ናት። አቶ መኮንንን ከአዋሽ ሆኜ ልሥራ ብዬ ለመንኳቸው።

«ልጄ፣ ሰው ሳላየው እየሠራ መሆኑን በምን አውቃለሁ?» አሉኝ።

«ሥራውን ያዩታላ፣ ጋሼ።»

ደግ ሰው ነበሩና ሁለት ወር ሰጡኝ። እኔ አንዱን ክፍል ከአዋሽ፣ ጓደኞቼ ሌላውን ከሰመራ እንድንሠራ ተስማማን፤ ከዚያ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሰው መጥቶ ያያል። ካቃተኝ ወይ አባቴን ወይ ሥራዬን መተው ነበረብኝ።

አዋሽ ባለው ቤታችን ሞደሙ ኔትወርክ የሚይዘው በረንዳው ጥግ ላይ ብቻ ስለነበር የአባቴም አልጋ እዚያው ወጣ። ጎህ ሲቀድ አጥቤው፣ አጥሚቱን በማንኪያ አጠጥቼው፣ አጠገቡ ተቀምጬ ኮድ እጽፋለሁ። ጎኑ እንዳይቆስል እየተነሣሁ አገላብጠዋለሁ፤ ተመልሼ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ። ከሰዓት በኋላ አቧራ ያዘለው ነፋስ ሲነሣ ላፕቶፑን በነጠላዬ ሸፍኜ ሐብሐብ እቆርጥለታለሁ። ጭማቂው በአገጩ ሲወርድ በግማሽ አፉ ይስቃል። እንደነዚያ ወራት ደክሞኝ አያውቅም፤ እንደዚያም ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከጓደኞቼ አንዱ ሰይድ የሚባል የወሎ ልጅ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ይደውልልኛል።

«አብሽሪ ዘሀራ» ይለኛል። «እኛ አንድ ክፍል ውስጥ ስለተቀመጥን ሁሉም ሁሉን የሚያውቅ ይመስለናል። ትናንት ሁለት ሰው ያንኑ አንድ ሥራ ሠርቶት ተገኘ። ላንቺ በስልክ እንነግርሻለን እንጂ እርስ በርስ የምንነጋገረው ነገር የለም።»

ቀኑ ሲደርስ አባቴን ለጎረቤታችን ለእትዬ ከድጃ አደራ ሰጥቼ በማለዳ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ገዋኔን አልፈን፣ ሚሌ ላይ ግመሎች መንገድ ዘግተውብን ቆመን፣ ሎጊያ ስንደርስ ሰይድ ሩዝ በፍየል ሥጋ አዝዞ ጠበቀኝ። ከደስታዬ ብዛት ሁለት ጉርሻ እንኳ አልወረደልኝም። የኔ ክፍል አልቆ ይሠራል፤ የነሱ ገና ነው። ሰመራ ቢሮው ውስጥ የጠበቀን፣ ከአዲስ አበባው ዋና መሥሪያ ቤት የመጣው ሥራ አስኪያጅ ጨዋ ወጣት ነበር፤ አቋርጦ ሳይናገር ሰማኝ።

«ለሥራው ብለሽ ሰመራ መምጣት ያስፈለገሽ ጊዜ ነበር?» ሲል ጠየቀኝ።

«አንድም ቀን አላስፈለገኝም» አልኩት በኩራት።

እጄን ጨበጠኝ። አቶ መኮንንም «አሸነፍሽኝ» ብለው ሳቁ።

ወሩ ሳይሞላ ውሳኔው መጣ። ሥራው የግድ ሰመራ መሠራት እንደሌለበት ስለተረጋገጠ ቅርንጫፉ እንዲዘጋ፣ የቀረውን አዲስ አበባ ያሉት እንዲጨርሱት ይላል። አቶ መኮንንን ጨምሮ ሁላችንም ከሥራ ተሰናበትን። ሰይድ ሲደውል ይሰድበኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። «አላህ ያለው ነው፤ አንቺ እውነቱን ነው የተናገርሽው» ብሎኝ ስልኩን ዘጋ። ብዙም ሳይቆይ ሎጊያ ጎማ የሚሸጥ ሱቅ ተቀጠረ። ሲስተሙን የአዲስ አበባዎቹ ጨረሱት፤ ጤና ጣቢያዎቹ ድረስ ሄዶ የሚያስተምር ሰው ግን አልነበረምና ማንም ሳይጠቀምበት ቀረ። አቶ መኮንንም ሰው በቦታው ይኑር ያሉት ሙሉ በሙሉ ተሳስተው አልነበረም እላለሁ አንዳንዴ።

እኔ ሥራ ያገኘሁት አዲስ አበባ ነው፤ ጠዋት በር ላይ አሻራ የሚያስነካ ቢሮ። የአባቴ መድኃኒት ያለ ደመወዝ አይገዛም፤ ለእትዬ ከድጃ ትቼው ሄድኩ። አደራ ስሰጣት በረንዳው ላይ ተኝቶ ይሰማ ነበር፤ ምላሱ ተሳስሯልና አትሂጂ ሊለኝ አይችልም። አንድ የሥራ ቀን ጠዋት አረፈ። እኛ ዘንድ ቀብር አይቆይም፤ አዋሽ ስደርስ ሰው ከመቃብር ተመልሶ ነበር። ወደዚህ ቤት ጠቅልዬ የገባሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የሚጠብቀኝ ሰው ሳይኖር ነው።

«ምነው አክስቴ? አያምኑኝም?» አለችኝ ነጃት።

«ያምኑሻል» አልኳት።

ፊቷ በራ፤ ወዲያው ላከችው። ልጇ ስላለቀሰ አቅፌው ተነሣሁ። እምቢ ካሏት ይህን ሕፃን ይዛ ትሄዳለች፣ ወይም ትታው። ሥራው ከሩቅ እንደሚሠራ ካመኗት ደግሞ ከሷም በላይ ርቆ፣ ከሷ ባነሰ ደመወዝ የሚሠራላቸው ሰው አይጠፋም። ሁለቱንም አይቻቸዋለሁ፤ ሕፃኑን እያባበልኩ የአባቴ አልጋ ወደነበረበት በረንዳ ወጣሁ።