ጋሽ ቀጥታና የሚያንሱት ፊደሎች

ታፔላ ጸሐፊውን ሰፈርተኛው «ጋሽ ቀጥታ» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ባለሱቆቹ ናቸው፤ ያለ ማስመሪያ የጻፈው እንኳ ዝንፍ አይልም። ዕድሜውን ሙሉ መሰላል ላይ ወጥቶ የዳቦ ቤቱን፣ የጋራዡን፣ የክሊኒኩን ስም በቀለም ሲጽፍ ኖሯል። በእጁ ይተማመናል፤ እጁም አሳፍሮት አያውቅም።

አንድ ጠዋት ለመጋረጃ ሻጩ ታፔላ ሲጽፍ፣ አብራው የምትሠራው ልጁ ከታች ሆና ቀና ብላ አየች። የመጀመሪያው ፊደል ክንድ ያክላል፤ የመጨረሻው መዳፍ አይሞላም።

«አባዬ፣ ፊደሎቹ እየተሸማቀቁብህ ነው» አለችው።

«ሰሌዳው ጠቦ ነው።»

«ግማሹ ባዶ ነው እኮ።»

ወርዶ ራቅ ብሎ አየው። እውነቷን ነው። አጥፍቶ እንደገና ጻፈው፤ አሁንም እያነሰ ሄደ።

ሚስቱ ስትሰማ ብዙም አልገረማት። ሲራመድ ቀኝ እጁን እንደማያወዛውዝ፣ የሸሚዙን ቁልፍ ሲቆልፍ እንደሚንቀረፈፍ፣ ፊቱም ሳይቆጣ የተቆጣ እንደሚመስል ልብ ብላለች።

«እኔ ደግሞ ያኮረፍከኝ መስሎኝ ስንት ቀን ተለማመጥኩህ» አለችው። «በል ተነስ፣ ሐኪም ዘንድ እንሂድ።»

የነርቭ ሐኪሟ ጣቶቹን እያስጨበጠች አስዘረጋችው፣ ኮሪደሩ ላይ አስኬደችው፣ ወረቀት ላይ አጻፈችው። ከዚያ ወንበሯን አስጠግታ አስረዳችው። የአንጎል ሕዋሳት እርስ በርስ የሚነጋገሩት በኬሚካል ነው፤ አንዱ ይለቃል፣ ሌላው ላዩ ላይ ባሉት ተቀባዮች ይይዛል። ከነዚህ ኬሚካሎች አንዱ ዶፓሚን ነው። እንቅስቃሴ እንዲጀመርና መጠኑን እንዲጠብቅ ይረዳል። እሱን የሚሠሩት ሕዋሳት እየሞቱ ሲሄዱ ፓርኪንሰን የሚባለው ሕመም ይመጣል።

«ተቀባዮቹስ አብረው ሞቱ?» አለ ጋሽ ቀጥታ።

«የለም፣ እነሱ አሉ። ያጡት የሚቀበሉትን ነው።»

«እንግዲያው ዶፓሚኑን ይስጡኛ።»

ሐኪሟ ሳቀች። «እሱን ብሰጥዎት ከደም ወደ አንጎል አያልፍም። አልፎ እዚያ ዶፓሚን የሚሆን መድኃኒት ግን አለ። የሞቱትን ሕዋሳት አይመልስልዎትም፤ እጅዎን ግን ያፍታታዋል። ሥጋና እንቁላል ከበሉ በኋላ አይውሰዱት፣ ሥራው ይዘገያል።»

«እጄ ይፍታታ እንጂ፣ ሌላውን እኔ አውቅበታለሁ» አላት።

እንዳለችውም እጁ ቀስ በቀስ ተፍታታ። እግሩ ግን አስቸገረ፤ በር ላይ ሲደርስ ወለሉ ላይ የተጣበቀ ይመስል አልነሳ ይላል። ሐኪሟ የላከችው እንቅስቃሴ የሚያሠራ ባለሙያ፣ መሬት ላይ የተሰመረ ነገር ማየት እንደሚረዳ ነገረውና ወለሉ ላይ ነጭ ፕላስተር እንዲለጥፍ መከረው።

«ፕላስተር?» አለ ጋሽ ቀጥታ፣ ክብሩ እንደተነካ ሰው። ቤቱ ገብቶ ቀለም በጠበጠ።

ሚስቱ ከገበያ ስትመለስ ከበሩ እስከ ማድ ቤቱ ድረስ ወለሉ በቢጫ መስመር ተሸንሽኖ ጠበቃት።

«ቤቴን አስፋልት አደረግከው?»

«ሲደርቅ እለፊ።»

ዘንቢሏን እንደያዘች ደጃፉ ላይ ጠበቀች። ሲደርቅ ወጥቶ ተመለሰና በሩ ላይ ቆመ። እግሩ እንደለመደው እምቢ አለ። የመጀመሪያውን መስመር ትኩር ብሎ አየና እግሩን አንስቶ ተሻገረው፤ ቀጥሎ ሁለተኛውን፤ እንዲያ እያለ ማድ ቤት ገባ። ሚስቱ ዘንቢሉን አስቀመጠች።

«እስቲ ተመለስ፣ ደግሜ ልየው።»

ተመለሰላት።

ዛሬ ጋሽ ቀጥታ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ላይ ይሠራል፤ መሰላሉን ለልጁ ለቆላታል። ሕመሙ እንደማይቆም፣ የመድኃኒቱም መጠን ወደፊት እንደሚቀየር ያውቃል። «ሲቀየር እንቀይረዋለን» ይላል። ፊደል ከመጻፉ በፊት አሁን ከላይና ከታች ያሰምራል፤ ድሮ ይህን በሚያደርጉት ይስቅ ነበር። ባለፈው ሳምንት የመድኃኒት ቤቱን ስም ሲጽፍ ልጁ ጎንበስ ብላ፣

«አባዬ፣ ፊደሉ አልተለቀም? ሲሰቀል የጎረቤቱን በር ሊሸፍን ነው» አለችው።

«ጎረቤቱም መድኃኒት ይገዛል» አላትና ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ ነከረ።