ሀጀራ ልጇን ያስማከረች ቀን

ጎረቤቴ ሀጀራ የወሎ ሰው ናት። በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ካፉሪ በሚባል ሰፈር የሀብታም ቤት እያጸዳች፣ እያበሰለች፣ ልጇን ሁስናን ለዩኒቨርሲቲ አበቃች። ደስ ሊላት ሲገባ እንቅልፍ አጣች። ልጅቷ ኢኮኖሚክስ ወይም ቢዝነስ መርጣ እስከ ሐሙስ ማሳወቅ ነበረባት፤ እናት ደግሞ፣ ምርጫው ከተበላሸ ልጄ እንደኔ የሰው ቤት ሠራተኛ ሆና ትቀራለች ብላ ፈራች።

በሰፈራችን በአል-ሳሃፋ ያልጠየቀችው ሰው የለም፤ ባለሱቁን፣ የሪክሻ ነጂውን፣ እኔንም ጭምር። ኢኮኖሚክስን ኢቅቲሳድ፣ ቢዝነስን ኢዳራ ነው የምትላቸው።

"እኔ ምን አውቄ? ልጅቷን ጠይቂያት" አልኳት።

ተቆጣችኝ። "እሷማ ኢቅቲሳድ ትላለች! እሱን ተምራ የምትገባው ባንክ ነው፤ ባንክ ደግሞ የሚቀጥረው የአገሩን ዜጋ ነው። ኢዳራ ብትማር ግን ነጋዴው ሁሉ ይወስዳታል።"

በመጨረሻ አሠሪዋ፣ የኩባንያ ሙዲር፣ ሥራ አስኪያጅ ናቸው፣ "ረቡዕ አምጫትና እኔ ላማክራት" አሏት። ሀጀራ ልጇን አዲስ ዓባያ አልብሳ ይዛት ሄደች።

ሲደርሱ ሳሎኑ በእንግዳ ሞልቷል፤ ሻዩም ተቀድቷል። ሀጀራ እንደ ልማዷ ተጣደፈችና ትሪውን አንስታ ለልጇ አስያዘቻት። "ያላ፣ ሳይቀዘቅዝ አድርሺላቸው!"

ሁስና እናቷን አንድ ጊዜ አይታ ገባች። አሠሪው ቀና ብለው ሳያዩዋት ብርጭቆ አነሱና ወደ ማድ ቤቱ ተጣሩ። "ሀጀራ! ልጅሽስ የታለች? ትግባ እንጂ።"

"እኔ ነኝ" አለች ሁስና፣ ትሪውን እንደያዘች።

ደንገጥ አሉ። ከዚያ ሳቅ ብለው፣ "ኢዳራ ይሻልሻል፤ ቤት ለማስተዳደርም ይጠቅማል" አሉ። እንግዶቹም አብረው ሳቁ። ይህን ሀጀራ በኋላ ስትነግረኝ ደሜ ፈላ።

ሲመለሱ አውቶብስ ውስጥ ሁስና ለእናቷ፣ "ኸላስ፣ ዩማ፤ በቃ። ኢቅቲሳድ ነው የምማረው" አለች።

"ሥራ ባይገኝበትስ?"

"እኔ እንጃ።"

ሀጀራ አልተከራከረችም። ልጇን ቀና ብላ ለማየት አፍራ ነበር።

በሳምንቱ የቤቱ እመቤት ማድ ቤት ድረስ መጡ። "ልጅሽ ጨዋ ናት። ዓርብ ዓርብ እንግዳ ሲበዛብን መጥታ ታግዝሽ፤ እንከፍላታለን።"

ሀጀራ በዚያ ቤት እምቢ ብላ አታውቅም።

"ላ" አለች። "ልጄ አትመጣም።"

እመቤቲቱ ወጡ። ሀጀራ፣ ነገ ቢያባርሩኝስ እያለች፣ ብርጭቆ ማጠቧን ቀጠለች።